ሰው እንጀራውን ለምን ይለቃል?

በአማርኛ ሥራና እንጀራ ተለያይተው አይነገሩም። ሥራ ያገኘ ሰው «እንጀራ ወጣለት» ይባላል፤ የተባረረ «እንጀራው ተቆረጠ» ይባላል። ማንም ሳያባርረው፣ ማመልከቻውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ በገዛ እግሩ ከበር የወጣውስ ምን ይባላል? ሕዝቡ «እህል ውሃው አለቀ» ይለዋል። ይህ አነጋገር ጨዋ ነው። ሄያጁን አያሳፍርም፤ ቀሪውንም አያስቀይምም። ነገር ግን ጨዋነቱ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይሸፍናል። እህል ውሃው በራሱ ጊዜ አለቀ ወይስ የጨረሰው ነገር አለ?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር አስኮን የመሰለ ሰፈር ማግኘት አዳጋች ነው። አስኮ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ የጳውሎስ ሆስፒታልንና ዊንጌትን አልፎ፣ ቡራዩ ሳይደረስ የሚገኝ የከተማዋ ምዕራባዊ በር ነው። ከገጠር ለሥራ የሚመጣው ወጣት ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከጫማ ፋብሪካው እንደሆነ በነዋሪው ዘንድ ይነገራል፤ የጠርሙስና የብርጭቆ ፋብሪካውም ለአካባቢው መጠሪያ ሆኗል። የፋብሪካ ስም የሰፈር ስም በሆነበት ቦታ ሥራ መግባትና ሥራ መልቀቅ የአንድ ሰው የግል ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የቤት ኪራዩ፣ የዕቁቡ፣ የዕድሩ፣ የጉልቱ ገበያ ሁሉ ከፋብሪካው በር ጋር የተያያዘ ነው።

የጫማ ሥራ በፋብሪካ ውስጥ እንዴት እንደሚከናወን ማስተዋል ይገባል። ቆዳውን የሚቆርጠው አንድ ሰው ነው፤ የሚሰፋው ሌላ ነው፤ በፎርማ ላይ የሚወጥረው ሌላ፣ ማስቲሽ ቀብቶ ከሶሉ ጋር የሚያጣብቀው ሌላ፣ ጠርዙን አስተካክሎ የሚያጸዳው ደግሞ ሌላ ነው። በአንድ ጥግ ተቀምጦ ከቆዳው እስከ ክሩ ብቻውን የሚጨርሰው የሰፈር ጫማ ሠሪ ማታ ላይ የሥራውን ውጤት በእጁ ይዞ ያየዋል። የፋብሪካው ሠራተኛ ግን ቀኑን ሙሉ አንዲት እንቅስቃሴን ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋግም ይውላል። ምርቱ ይበዛል፤ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ይህ የማይካድ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ሠራተኛው «ይህ ጫማ የእኔ ሥራ ነው» ለማለት ይቸገራል። ሥራን ከመልቀቅ አስቀድሞ የሚመጣው መለያየት ይህ ነው፤ ሰውየው በአካል ሳይወጣ ልቡ አስቀድሞ ይወጣል።

በሀገራችን የእጅ ሥራ ሌላም የቆየ ቁስል አለው። ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ»፣ ብረት የሚሠራው «ቀጥቃጭ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው የችግሩን ጥልቀት ያመለክታል። ነውር ያልነበረበት ነገር በአዋጅ አይከለከልም። ፋብሪካው ሲመጣ ቆዳና ማሽን ተገናኙ፤ «ፋቂ» የተባለው ሙያ «የኢንዱስትሪ ሠራተኛ» የሚል የክብር ስም አገኘ። ስሙ ተለወጠ፤ አያያዙ ግን በየቦታው ከስሙ ጋር እኩል አልተለወጠም። ወጣቱን በሁሉ ፊት የሚያመናጭቅ የፈረቃ አለቃ ያንን የጥንት ስድብ ያለ ቃሉ ይደግመዋል። ስለዚህም ብዙ ሠራተኛ ከደመወዙ ማነስ ይልቅ የዚያን ቀን ድምፅ አስታውሶ ይወጣል።

ሕጉ መውጫውን አልዘጋም። በ1967 ዓ.ም. ጥር ወር ታላላቅ ፋብሪካዎች ወደ መንግሥት ይዞታ ሲዛወሩ፣ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64 ሲወጣ፣ ሠራተኛው የፋብሪካው ባለቤት መሆኑ ተነግሮት ነበር። በዚያው ዘመን የከፍተኛ ትምህርት ምሩቅ በመንግሥት ምደባ ወደ ሥራ ይላክ ስለነበር ለብዙ ባለሙያ ሥራ መልቀቅ ቀላል ነገር አልነበረም። ዛሬ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። አሠሪው ሰብአዊ ክብሩንና ሞራሉን የሚነካ ተግባር ከፈጸመበት፣ ለጤንነቱ ወይም ለደኅንነቱ የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ፣ ወይም መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ካልፈጸመ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊወጣ ይችላል። ልብ ሊባል የሚገባው ሕጉ የጠቀሳቸው ምክንያቶች ዓይነት ነው። ክብር፣ ጤና፣ የተገባ ቃል። ሕግ አውጪው ሰው ሥራውን ለምን እንደሚጠላ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከፋብሪካ በር የሚወጣው ሠራተኛ የአዋጁን አንቀጽ ጠቅሶ አይወጣም። ሒሳቡን በልቡ አስልቶ ነው። በቅድሚያ ገቢና ወጪ አለ። በኢትዮጵያ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ሁሉ የሚሠራ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልተደነገገም፤ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢያመለክትም ወለሉ ገና አልተነጠፈም። የቤት ኪራይ፣ የታክሲና የምሳ ወጪ ተቀንሶ በወር መጨረሻ ለእናት የሚላክ ነገር ከጠፋ፣ ወጣቱ «ለማን ነው የምሠራው?» ብሎ ይጠይቃል። ከገጠር የመጣ ልጅ ሥራ ያዘ የሚባለው ለራሱ በላ ተብሎ አይደለም፤ ለቤተሰቡ ተረፈ ተብሎ ነው።

ቀጥሎ የሰውነት ጉዳይ ይመጣል። የማስቲሽ ሽታ፣ የቆዳ ብናኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል በአንድ ቀን አይገድሉም፤ ነገር ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይወስዳሉ። የብርጭቆ ምድጃ ደግሞ እንደ ቤት ምድጃ ማታ ጠፍቶ ጠዋት የሚለኮስ አይደለም፤ የቀለጠው ብርጭቆ እንዳይረጋ እሳቱ ሌሊትም ይነዳል፣ ሰውም በፈረቃ ያድራል። ሌሊት ሠርቶ ቀን በጠባብ የኪራይ ክፍል፣ በልጆች ጫጫታ መካከል ለመተኛት የሚታገል ሰው ሁለት ጊዜ ይደክማል።

ለሴት ሠራተኞች ሌላ ሒሳብ ይጨመራል። አዋጁ ለወሊድ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል፤ ይህ ትልቅ ድል ነው። ግን በ121ኛው ቀን ሕፃኑን ማን ይይዘዋል? አያቱ ገጠር ናት፤ ሞግዚት ለመቅጠር የሚጠይቀው ገንዘብ ከእናቲቱ ደመወዝ ብዙም አይርቅም። ያቺ እናት ሥራዋን ስትለቅ «ሥራ ጠላች» ብሎ የሚናገር ሰው የተሳሳተ ነው። ሥራዋን አልጠላችም፤ ሥራዋ ልጇን አላወቀላትም እንጂ።

ይህን ሁሉ የሚያጠናክር ጥናት በሀገራችን ተካሂዷል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ተከታትለዋል፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። ሥራው ከተሰጣቸው መካከል ወደ ሲሶ የሚጠጉት በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ በዓመቱ ውስጥ ከዘርፉ የወጡት 77 በመቶ ደረሱ። የፋብሪካው ሥራ ከሌላው መተዳደሪያ የበለጠ ገቢ አላስገኘም፤ የጤና ችግርን ግን ጨመረ። በአንጻሩ ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ መነሻ ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል አድጓል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ዘገባ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበረና የሠራተኛው ፍልሰት እጅግ ከፍተኛ እንደነበረ ተመልክቷል። እንግዲህ ለቃቂው ሰነፍ ነው የሚለው አስተያየት በማስረጃ ፊት አይቆምም። ለብዙዎች ፋብሪካው ዝናብ ሲመጣ የሚጠለሉበት ጥላ ነበር፤ ዝናቡ ሲያባራ ወደ መንገዳቸው ሄዱ።

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1913 በአሜሪካ የፎርድ መኪና ፋብሪካ ወደ 14,000 ሠራተኛ ይዞ ለመቆየት በዓመት ከ52,000 በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት። ምክንያቱ አዲሱ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ነበር፤ ሰው እንደ ማሽኑ እንዲሮጥ ይጠየቅ ነበር። በ1914 ጥር ወር ፎርድ የቀን ገቢን ወደ 5 ዶላር ከፍ ሲያደርግና የሥራውን ሰዓት ወደ ስምንት ሲቀንስ ፍልሰቱ ወረደ። ይህን ያደረገው ለሠራተኛው ራርቶ ነው ማለት ያስቸግራል፤ የሚለቅ ሠራተኛ የሚያስከፍለውን ዋጋ ቆጥሮ ነው። ስዊድናውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 በካልማር በከፈቱት የቮልቮ ፋብሪካ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ሠራተኛው በቡድን ሆኖ የመኪናውን ሰፋ ያለ ክፍል እንዲገጥም አደረጉ። ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የሥራው አደረጃጀትም ሰውን እንደሚያስቀር ወይም እንደሚያስወጣ ተረድተው ነበር።

አልበርት ሂርሽማን የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቤት ሲበላሽ በውስጡ ያለ ሰው ሁለት መንገድ እንዳለው አስረድቷል፤ ወይ ይወጣል፣ ወይ ይናገራል። ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የካቲት ወር የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ ሠራተኛው መናገርን መርጦ ነበር። በሩን ዘግቶ ቆመ እንጂ በሩን ከፍቶ አልሄደም። ሁለቱን ድርጊቶች የሚለያያቸው ማኅበር ነው። ከጎኑ ሰው ያለው ይናገራል፤ ብቻውን የሆነ ይወጣል። አንድ በአንድ፣ በየወሩ፣ ያለ ድምፅ የሚወጣው ሠራተኛ ተጠራቅሞ ቢታይ አድማ ያህላል። ልዩነቱ የሚሰማው አለመኖሩ ነው።

መምህሩም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ ንግድ ወይም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚሄድ መምህር ደመወዙን ይጠቅሳል፤ እውነቱንም ነው። ጠለቅ ብሎ ለጠየቀው ግን «የኔታ» ተብሎ ሰው ሁሉ ይነሣለት የነበረ ሙያ የኪራይ ዘመን ሲመጣ በአከራይ ፊት አንገት የሚያስደፋ መሆኑን ይናገራል። ሠዓሊውና ተዋናዩም እንዲሁ ናቸው። ሙያውን የለቀቀ ከያኒ ሥራውን ብቻ አይለቅም፤ ገና ያልሠራውንም ይዞ ይሄዳል።

እርግጥ ነው፣ ለቃቂ ሁሉ ተበዳይ አይደለም። ትዕግሥት ያጣ፣ የጓደኛውን ወሬ ሰምቶ የተነሣ፣ ነገ የተሻለ አገኛለሁ ብሎ ያለ ስንቅ የሄደ አለ። የወጣው ሁሉም የተሻለ ቦታ አልደረሰም፤ አንዳንዱ ከወራት በኋላ በዚያው በር ላይ ለቅጥር ተሰልፎ ይታያል። ፋብሪካውም ይጎዳል። ቆዳን በጣቱ ዳስሶ ደካማውን ክፍል የሚለይ ቆራጭ በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይተካም። እርሱ ሲሄድ የሚባክነው ቆዳ ይበዛል፤ ሊያስተምራቸው ይችል የነበሩት ወጣቶችም ያለ አስተማሪ ይቀራሉ። የኢንዱስትሪ ባህል የሚባለው ነገር በሕንጻና በማሽን አይጀመርም፤ በአንድ ቦታ ረጅም ዘመን በሠሩ እጆች ውስጥ ይከማቻል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መድረስ ይቻላል። ሠራተኛው መልቀቂያውን ሲጽፍ በብዙ ቦታ የሚሰፍረው ቃል «በግል ምክንያት» የሚል ነው። እርሱ ይህን የሚጽፈው ክሊራንሱ እንዳይጓተትበት፣ የሥራ ልምድ ወረቀቱም እንዳይበላሽበት ነው። የአስተዳደር ክፍሉም ቃሉን ይወደዋል፤ ወቀሳ የለበትምና። በዚህ ዓይነት የኪራዩ መወደድ የግል ይሆናል፤ የማስቲሹ ሽታ የግል ይሆናል፤ የአለቃው ስድብ የግል ይሆናል፤ ሕፃን የሚይዝ መጥፋቱም የግል ይሆናል። መቶ ሰው አንድ ዓይነት ምክንያት ይዞ ሲወጣ መቶ የግል ምክንያት ተብሎ በመቶ ፋይል ይቀመጣል። የጋራ የነበረው ችግር በወረቀት ላይ ተበትኖ ይጠፋል።

ይህን የተበተነ ነገር መልሶ መሰብሰብ የማን ተግባር ነው? የሠራተኛ ማኅበሩ የሚወጣውን አባል ከመሸኘቱ በፊት ሊጠይቀው ይገባል። ኃላፊው «ማን ለቀቀ?» ከማለት አልፎ «ከየትኛው ክፍል፣ ከማን ሥር፣ በስንተኛው ወር ለቀቀ?» ብሎ መዝገቡን ሊያገላብጥ ይገባል። መምህሩ ለተማሪው ሥራ መያዝን ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ መብትን አውቆ መናገርንም ሊያስተምር ይገባል። ከያኒውም ድርሻ አለው። ሥነ ጽሑፋችን የተባረረውን፣ የታሰረውንና የተሰደደውን በብዛት ሥሏል፤ በጸጥታ ወረቀቱን ፈርሞ የወጣውን ግን ገና በሚገባ አላየውም። የእርሱ ታሪክ ጩኸት የለበትም፤ ለዚያም ነው የሚያዳምጥ ጆሮና የሚያስተውል ብዕር የሚያስፈልገው። «እህል ውሃዬ አለቀ» ያለው ሰው ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ቀሪውን የሚጠይቀው እስኪያገኝ ድረስ ይዞት ይዞራል።