የባንኩ ቀንና የቤት ሠሪው ቀን

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሳገለግል ብዙ ዘመን ያለፈኝ ሰው ነኝ፤ ሥራዬም በአብዛኛው ቀን መቍጠር ነው። በፍትሐ ብሔር ክርክር የተፈረደበት ሰው ይግባኙን በ60 ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ሕጉ ስለሚያዝ፥ መዝገብ በተቀበልሁ ጊዜ ኹሉ አስቀድሜ የምመለከተው ነገሩን ሳይኾን ቀኑን ነው። ይህን መናገሬ ለመመካት አይደለም፤ ቀን ቈጣሪ የኾንሁት እኔ በእኅቴ ቤት ጕዳይ ቀን እንዴት እንዳመለጠኝ ለመግለጽ ነው እንጂ።

ታናሽ እኅቴ ከባሏ ጋራ በለንደን ከተማ ትኖራለች። እርሷ በሆስፒታል፥ እርሱ በአውቶቡስ ነጂነት ይሠራሉ። ብዙ ዓመት በኪራይ ቤት ከቈዩ በኋላ፥ በ2014 ዓመተ ምሕረት በየካቲት ወር፥ ገና በመሠራት ላይ ካለ ፎቅ አንድ ቤት በ300,000 ፓውንድ ሊገዙ ተስማሙ። 30,000ውን ከቍጠባቸው ሊከፍሉ፥ 270,000ውን ደግሞ ቤቱን መያዣ ሰጥተው በ30 ዓመት ከሚከፈል የባንክ ብድር ሊያገኙ ነበር። በደብረ ብርሃን ያለው የእናታችን ቤት ጣሪያው ስለሚያፈስ፥ እኅቴ ቆርቆሮውን ላስለውጥልሽ ብላ ለእናታችን ቃል ሰጥታ ነበርና፥ ከወር ወር ከሚከፈለው ለጣሪያው ጥቂት የሚተርፍ መስሎን ነበር።

በእንግሊዝ አገር ዐዲስ ቤት የሚሸጥበት ልማድ እንዲህ ነው። ገዢው ጥቂት ማስያዣ ሰጥቶ ቤቱን ካስያዘ በኋላ፥ ቤት ሠሪው ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ 28 ቀን ይሰጠዋል፤ በነዚህ ቀኖች ውስጥ ጠበቃ አቁሞ፥ ከባንክ የብድር ፈቃድ ደብዳቤ ተቀብሎ፥ ከዋጋው ከመቶ 10 ከፍሎ ውሉን ማጽናት አለበት። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ ማለት የለም። ቤቱ ግን ገና ግድግዳ ነው። የቀረው ገንዘብ የሚከፈለው ቤቱ ሲያልቅ ነው፤ ሲያልቅም ኩባንያው በጽሑፍ ያስታውቃል፥ ገዢውም ብዙ ጊዜ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ገንዘቡን አስገብቶ ቍልፉን ይረከባል።

ችግሩ እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው። የባንኩ ፈቃድ ብዙ ጊዜ የሚጸናው ለ6 ወር ብቻ ነው። ተሠርቶ ያለቀ ቤት ለሚገዛ ሰው ይህ ይበቃዋል፤ ውሉ ከጸና እስከ ርክክብ ያለው ጊዜ በሳምንት የሚቈጠር ነውና። ያላለቀ ቤት የሚገዛ ሰው ግን ደብዳቤውን በ28 ቀን አምጣ ተብሎ ስለሚጣደፍ፥ ደብዳቤው ቤቱ ሳይወለድ ማርጀት ይዠምራል። ባንኩ ቀኑን የሚቈጥረው በራሱ መዝገብ ነው፤ ኩባንያው የሚቈጥረው በሲሚንቶውና በሠራተኛው ነው፤ አንዱ የሌላውን ገደብ ለማወቅ አይጠይቅም።

እኅቴ ውሉን ላከችልኝና «ጋሼ፥ አንተ የሕግ ሰው ነህ፥ እስቲ እየው» አለችኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት እንግሊዝኛ እስከዚህ ያደርሰኛልና ሦስት ሌሊት ተቀምጬ አነበብሁት። ቤቱ በነሐሴ ያልቃል ተብሎ ይገመታል ይላል፤ እጅግ ቢዘገይ ገዢው ገንዘቡን ተቀብሎ ለመውጣት የሚችልበት የመጨረሻ ገደብ ደግሞ በየካቲት 2015 ነበር። ይህን ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ገደብ ያለው ውል መልካም ውል ነው፥ ፈርሙ አልኋቸው። መጋቢት 16 ቀን ውሉ ጸና። የባንኩን ደብዳቤ ግን ላኪልኝ አላልሁም። ደብዳቤው መጋቢት 9 ቀን ተጽፎ እስከ መስከረም 2015 መዠመሪያ ብቻ የሚጸና ነበር። ፈቃዱ ከሚሞትበት ቀን እስከ ውሉ የመጨረሻ ገደብ ድረስ አምስት ወር ያህል ባዶ ቀርቷል፤ ቤቱ በዚያ ባዶ ውስጥ ቢያልቅ ገዢው ከፍሎ መረከብ ግዴታው ነው፥ የሚከፍለው ገንዘብ ግን በእጁ የለም።

ሐምሌ 27 ቀን ኩባንያው ሥራው ወደ ኅዳር መዛወሩን ጻፈ። እኅቴ ያን ለት ደወለችልኝ። ብድር የሚያገናኛቸው ሰው ሳይውል ሳያድር ለሌላ ባንክ ማመልከት ይሻላል ብሏቸው ነበር፤ ነገር ግን በ2.6 ከመቶ የያዙት ወለድ በዚያን ጊዜ በገበያው 4 ከመቶ ገደማ ደርሶ ስለ ነበረ ኹለቱም ፈሩ። እኔም «ፈቃድ በእጁ ያለ ሰው ስለ ምን ይጣደፋል? ቀኑ ሲቃረብ ይራዘምልኝ ብለሽ ጠይቂ» አልኋት። በእኛ ዘንድ እንዲህ ነውና፤ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ተጨማሪ ጊዜ ቢለምን ዳኛ ይሰማዋል። ኹለተኛ ማመልከቻ ማቅረብ የመዠመሪያውን ፈቃድ እንደማያፈርስ፥ በኹለት ወገን ይዞ መጠበቅም እንደሚቻል የተረዳሁት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በማንም አላመካኝም።

እናታችን ነገሩን ሰምታ «ስድስት ወር ስትሉ ጳጉሜንን ቈጥራችኋታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁ። ማታ ግን ደብዳቤውን አስልኬ ባየሁት ጊዜ፥ በልጅነቴ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የቈጠርሁት ሰው፥ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ሲመዘን መስከረም 9 ያልሁት ቀን መስከረም 8 ኾኖ አገኘሁት።

መስከረም 2 ቀን እንዲራዘምላቸው አመለከቱ። አንዳንድ ባንክ ለዐዲስ ቤት ገዢ ያራዝማል፤ የእነርሱ ባንክ ግን መስከረም 10 ቀን፥ እንደ ገና አመልክቱ፥ ወለዱም የዕለቱ ይኾናል ሲል መለሰ። የእኅቴ ባል በክረምቱ ወደ ሌላ የአውቶቡስ ድርጅት ተዛውሮ ነበርና የዐዲሱን ደመወዝ ወረቀት ለመሰብሰብ ቀናት አለፉ። በዚህ መካከል መስከረም 13 ቀን 2015 የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ክዋሲ ክዋርቴንግ ታላቅ የግብር ቅነሳ አስታወቁ፤ መንግሥት የሚጐድልበትን ከየት እንደሚተካ በበቂ ስላልተገለጸ ፓውንድ ወደቀ፥ የመንግሥት ብድር ወለድ ዘለለ፥ ብዙ ባንኮችም ለቤት ገዢ ያቀረቡትን የብድር ዐይነት ከገበያ አነሡ። በጥቅምት ለ2 ዓመት የማይለወጥ ብድር ወለዱ በአማካይ ከ6 ከመቶ በላይ ኾነ።

«ቀብዱን ትተን ብንወጣስ?» አለችኝ። እኔም ወደማውቀው ሕግ ሮጥሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1885፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ትቶ፥ የተቀበለውም ዕጥፉን መልሶ ከውሉ ለመውጣት እንደሚችል ይናገራል። በእንግሊዝ ግን ያ ከመቶ 10 የመውጫ ዋጋ አይደለም፤ ገዢው ካልከፈለ 30,000ው ይቀርበታል፥ ሻጩ ቤቱን በዝቅተኛ ዋጋ ቢሸጠው ደግሞ ጕድለቱን ሊጠይቀው ይችላል። ጠበቃቸውም ይህንኑ አረጋገጠላቸው።

ስለዚህ በ6 ከመቶ ተበደሩ። ኩባንያው ኅዳር 1 ቀን ቤቱ ማለቁን አስታወቀ፥ ኅዳር 15 ቀን ቍልፉን ተቀበሉ። በወር 1,080 ፓውንድ ገደማ ይኾናል ያልነው ክፍያ 1,620 ገደማ ኾነ። ባሏ የእሑድ ተራ መንዳት ዠመረ፤ እርሷም ሌሊት ትሠራ ነበር፤ በዐዲሱ ቤት አብረው የሚቀመጡበት ቀን ጥቂት እንደ ነበረ ነግራኛለች። የእናታችን ጣሪያ በ2015ና በ2016 ክረምት እንደዚያው አፈሰሰ። እናታችን ዐልጋዋን ወደ ምሥራቁ ግድግዳ አዛውራ፥ ባዘንሁ ጊዜ «ጣሪያውም ዝናቡም ተላምደዋል፥ ተዋቸው» ትለኝ ነበር። ኹለቱ ዓመት አልፎ በኅዳር 2017 ብድሩ ከ5 ከመቶ በታች ሲታደስ፥ እኅቴ መዠመሪያ የላከችው ገንዘብ የቆርቆሮው ነው።

በቅርቡ ደግሞ በእንግሊዝ የሚኖር የአጎታችን ልጅ ያላለቀ ቤት ሊገዛ መኾኑን ነግሮኝ ውሉን ላከልኝ፤ ምክርም ለመነኝ። ውሉን ሳልገልጥ መልሼ ጻፍሁለት። የባንኩ 6 ወር የሚቈጠረው ካመለከትህበት ቀን ነው ወይስ ደብዳቤው ከተጻፈበት? ይራዘማል ወይ፥ ቢራዘምስ በዚያው ወለድ ነው? ባንኩ ደመወዝህን እንደ ገና ይመረምራል ወይ? ይመረምር ከኾነ ቍልፉን እስክትቀበል ድረስ ሥራ አትለውጥ፥ ለመኪናም አትበደር። የውሉ የመጨረሻ ገደብ ከባንኩ ቀን ስንት ወር ይርቃል? ጠበቃህ ኹለቱን ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ያሳይህ፤ ኩባንያው እዘገያለሁ ባለ ለት ደግሞ ወለዱን ሳትፈራ ሌላ ባንክ ጠይቅ።

ልጁ ሲመልስ «ጋሼ፥ ውሉን አላነበብከውም እንዴ?» አለኝ። አነብበዋለሁ፤ በፊት የባንኩን ደብዳቤ ላክልኝ አልሁት።