የሁሉ ጩኸት



ባለፈው ክረምት ከግልገል በለስ ወደ ማንቡክ ስመጣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ከመሪው ፊት አንድ ቀይና ሁለት ብጫ መብራቶች በርተዋል፤ አራተኛው በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኗል። «ጋሼ፣ መብራቱ ምን እያለ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አይዞህ መምህር፣ እሱ ሁልጊዜ እንደ በራ ነው» አለኝ። የተሸፈነው የሞተር ዘይት ማነሱን የሚናገረው ቢሆንስ? እያልሁ ሰውየውን በልቤ አማሁት።

ማታ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም ግን እኔም ከእሱ እንደማልሻል ገባኝ። የአንዱን ልጅ ድርሰት ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ አቅልሜ መልሼለት ነበር፤ ልጁ ለካ አንዱን እርማት እንኳ ሳያነብ ደብተሩን ዘግቶት ኖሯል። ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ የሚጮህበት ሰው፣ ሾፌርም ይሁን ተማሪ፣ መጨረሻው አለመስማት ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስልህ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የአየር መንገዳችን ቦይንግ 737 ማክስ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አልቀዋል። በአንድ መለኪያ ስሕተት ምክንያት የአብራሪው መሪ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የግራና የቀኝ የፍጥነትና የከፍታ ቁጥሮች አልስማማ አሉ፤ ያው ስሕተት ያሳሳተው መሣሪያም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይጫን ነበር፤ ቆይቶም የፍጥነት ደወል ጮኸ። ከዚህ ሁሉ መካከል ዋናው የቱ እንደ ሆነ ለይቶ የሚነግራቸው መብራት አልነበረም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም በመስከረም 2012 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ ብዙ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ሲወርድባቸው አብራሪዎች ምን እንደሚሆኑ ፋብሪካው በሚገባ አላሰበበትም ሲል ገለጠ።

በመኪናም ነገሩ ያው ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በ2 ሰከንድ 33 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሾፌሩ መብራቱን ሲያነብ ሕፃን ወደ መንገዱ ለመግባት ይበቃዋል። ስለዚህ መኪና የሚሠሩ ሰዎች ቀዩን መብራት «አሁኑኑ ቁም» ለሚባልበት ብቻ ያቆዩት፤ ብጫው ጋራዥ እስኪደረስ የሚታገሥ ይሁን፤ የቀረው መኪናው እስኪቆም ዝም ይበል።

አንባቢ ሆይ፤ አንተም በመሥሪያ ቤትህ በየደብዳቤው ራስ ላይ «በጣም አስቸኳይ» የምትጽፍ ከሆነ ያንን ጥቁር ፕላስተር አስታውስ። እኔ ከዚያ ማታ ወዲህ በአንድ ደብተር ላይ የማሰምርበት ስሕተት ከሁለት አይበልጥም። ሾፌሩንም በሚቀጥለው ጉዞ፣ «ጋሼ፣ ከፕላስተሩ ሥር ያለውን አብረን እንየው» ብዬ ልለምነው ቆርጫለሁ።