ትዝብት፦ በቀጥታ መስመር ላይ

በዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ፣ በቀጥታ መስመር ስለሚደረግ እንቅስቃሴ የሚያስተምር ምዕራፍ አለ። ብዙ ተማሪ ቀመሩን ሸምድዶ፣ ቁጥር ተክቶ፣ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ይረሳዋል። እኔ ግን ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ ለሕይወት የሚቀርበው ይህ ምዕራፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

*

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚጓዝ አውቶቡስ በፊዚክስ ደብተር ላይ አንዲት ነጥብ ነው። መንኮራኩሩ፣ ወንበሩ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ይተዋል፤ ከ80 ኪሎ ሜትር ጋር ሲነጻጸር የአውቶቡሱ ርዝመት ስሌቱን አያዛባምና። ያው አውቶቡስ መናኸሪያ ገብቶ በሁለት መኪኖች መካከል ልቁም ሲል ግን ነጥብነቱ ያበቃል፤ እያንዳንዷ ክንድ ትቆጠራለች። ምን እንደሚተው የሚወስነው የተጠየቀው ጥያቄ ነው። ይህን ሳይለይ ወደ ቀመር የሚሮጥ ተማሪ ስለ ምን እያሰላ እንደሆነ አያውቅም።

*

አንድ ሾፌር 120 ኪሎ ሜትር መንገድ ሲሄድ በሰዓት 40፣ ሲመለስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነዳ። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው መልስ 50 ነው። ትክክለኛው 48 ነው፤ መሄጃው 3 ሰዓት፣ መመለሻው 2 ሰዓት ፈጅቷል፣ 240 ኪሎ ሜትር የተጓዘው በ5 ሰዓት ነው። በዝግታ የተነዳው መንገድ ብዙ ሰዓት ስለወሰደ አማካዩን ወደ ራሱ ጎትቶታል። ሾፌሩ «ስመለስ ፈጥኜ የጠቅላላውን ጉዞ አማካይ 80 አደርሰዋለሁ» ቢል ደግሞ ከቶ አይሆንለትም። 240 ኪሎ ሜትርን በ80 ለመጨረስ የሚበቃው 3 ሰዓት ነው፤ እሱን ገና ሲሄድ ጨርሶታል።

*

በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ሽቅብ የተወረወረ ድንጋይ ከ2 ሰከንድ ያህል በኋላ ጫፉ ላይ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ብዙ ተማሪ አክስለሬሽኑንም፣ ማለትም ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበትን መጠን፣ ዜሮ ያደርገዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ እዚያው አየር ላይ ቆሞ በቀረ! ፍጥነቱ ዜሮ ሆኖ ሳይቀር ቁልቁል የሚመለሰው የመሬት ስበት ለአፍታም ስላልተቋረጠ ነው፤ ሲወጣም፣ ጫፍ ላይም፣ ሲወርድም በየሰከንዱ ፍጥነቱን በሰከንድ 9.8 ሜትር ያህል ይለውጠዋል። የአንድ ነገር ፍጥነትና የፍጥነቱ ለውጥ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

*

ጋሊሊዮ የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ እንዴት እንደሚጨምር ሊለካ ፈለገ፤ ያን ያህል አጭር ጊዜ የሚቆጥር ሰዓት ግን በዘመኑ አልነበረም። ስለዚህ ውድቀቱን አዘገየው። በሳንቃ ላይ ቦይ አወጣ፣ ሳንቃውን ጥቂት ዘንበል አደረገ፣ የነሐስ ኳስ አንከባለለበት፤ ጊዜውን የለካው በቀጭን ቱቦ የሚወርድ ውኃ አጠራቅሞ በመመዘን ነው። ኳሱ በእኩል ጊዜያት የሚያልፈው ርቀት በ1፣ 3፣ 5፣ 7 ተመጣጣኝነት እያደገ ሄደ። ሲደመር 1፣ 4፣ 9፣ 16 ይሆናል፤ ርቀቱ ከጊዜው ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል ማለት ነው። ይህን የያዘው መጽሐፍ በ1638 እ.ኤ.አ. በሆላንድ ላይደን ከተማ ሲታተም ደራሲው የ74 ዓመት የቁም እስረኛ ነበር። ውድ ላቦራቶሪ የለንም ለሚል ትምህርት ቤት ሳንቃ፣ ኳስና ውኃ ይበቃሉ።

*

ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ በ5,000ም በ10,000 ሜትርም ወርቅ ወሰደ። ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» ያለው በአማካይ ፍጥነቱ አይደለም፤ መጨረሻው ሲቃረብ ፍጥነቱን በሚለውጥበት መንገድ ነው። ተመልካቹ አክስለሬሽንን በዓይኑ አይቶ ስም አውጥቶለታል። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። በሩጫው አማካይ ፍጥነት ቢሰላ እንኳ ይህች ጊዜ ከግማሽ ሜትር ትበልጣለች። የሁለቱ አማካይ ፍጥነት አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ወርቁ የተለየው በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ነው።

*

ቀጥታ መስመር ላይ ከሚሮጡት ሩጫዎች ዋናው 100 ሜትር ነው። ዩሴን ቦልት በ2001 ዓ.ም. ነሐሴ በርሊን ላይ በ9.58 ሰከንድ ሲጨርስ የመጀመሪያው 20 ሜትር 2.89፣ ከ60 እስከ 80 ያለው 1.61፣ የመጨረሻው 20 ደግሞ 1.66 ሰከንድ ፈጀበት። የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ሰው መጨረሻው ላይ እየቀነሰ ነበር። ሰው ወደፊት እየገሰገሰም ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል፤ በአክስለሬሽኑ ፊት የተጻፈው የመቀነስ ምልክት ወደ ኋላ ሄደ ማለት አይደለም።

*

ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ በሰዓት 50፣ ሌላው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር። ከፊታቸው 30 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ልጅ መንገድ ገባ። ሁለቱም ሾፌሮች አይተው ፍሬን እስኪረግጡ 1 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል እንበል፤ ሁለቱም ፍሬኖች በየሰከንዱ በሰከንድ 7 ሜትር ፍጥነት ይቀንሱ። የመጀመሪያው ፍሬን ሳይረግጥ 14 ሜትር፣ ከረገጠ በኋላ ሌላ 14 ሜትር ያህል ሄዶ 28ኛው ሜትር ላይ ይቆማል። ልጁ ተረፈ። ሁለተኛው በዚያችው 1 ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ስለሄደ እስከ 28ኛው ሜትር ለፍሬኑ የቀረው 11 ሜትር ነው። የመጀመሪያው መኪና ከቆመበት ቦታ ሲደርስ ገና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይበራል።

ፍሬን በየሰከንዱ እኩል ፍጥነት ይቀንሳል፤ በየሜትሩ ግን አይደለም። መኪናው ፈጣን ሲሆን እያንዳንዱን ሜትር በቅጽበት ስለሚያልፍ ፍሬኑ የሚሠራበት ጊዜ ያጣል። አብዛኛው ፍጥነት የሚወርደው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ነው፤ እነዚያ ሜትሮች ደግሞ ለሁለተኛው ሾፌር አልተረፉለትም።

*

አስተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ምዕራፍ ስታስተምሩ ተማሪዎቻችሁን ግቢ አውጥታችሁ 28 ሜትር በገመድ አስለኩ፤ የ50ውንና የ60ውን ስሌት እዚያው ያስሉት። አሽከርካሪዎች ሆይ፣ ትምህርት ቤት አጠገብ ስትደርሱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቀንሱ። ከላይ ባለው ስሌት ልጁን ያተረፈችው እሷ ናት።