መድኃኒትን በልኩና በሰዓቱ ስለ መውሰድ

በሰው ላይ ከሚመጡት ደዌዎች አንዳንዶቹ ድንገት ደርሰው ቶሎ የሚጥሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ቀስ ብለው እንደ እንግዳ ይገባሉ፤ ከገቡም በኋላ እንደ ባለቤት ይቀመጣሉ። ከነዚህ ከሁለተኞቹ ወገን አንዱ ፓርኪንሰን የሚባለው ነው። ይህን ስም ያገኘው በአውሮፓውያን ቁጥር በ1817 ዓመት ስለ ደዌው ትንሽ መጽሐፍ ከጻፈው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። በአገራችን ግን ብዙ ሰው በሽታውን እያየው ስሙን አያውቀውም። የሽማግሌ እጅ ሲንቀጠቀጥ ያየ አንዱ እርጅና ነው ይላል፤ ሌላው መጋኛ ነው ይላል፤ ሌላውም የክፉ መንፈስ ሥራ ነው ይላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ቅኔ ያስተማሩኝ መምህሬ በዚህ ደዌ ተይዘው ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሳስታምማቸው ስለ ኖርሁ፣ ያየሁትንና ከሐኪሞች የተማርሁትን ለአንባብያን ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

የየኔታ ሕመም የጀመረው በእጅ መንቀጥቀጥ አልነበረም። አስቀድሞ የዕጣን ሽታ ጠፋባቸው። ካህኑ ጽናውን ይዞ በአጠገባቸው ሲያልፍ «ዛሬ ዕጣን የለምን?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ቤተ መቅደሱ ግን በጢስ ተሞልቶ ነበር። ቀጥሎም ጽሕፈታቸው አነሰ። መስመሩ ሲጀመር ደኅና የነበረው ፊደል፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ እንደ ጤፍ ቅንጣት ይሆን ጀመር። ከዚያም በማሕሌት ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ እግራቸው መሬቱን አልለቅ አለ፤ ፊታቸውም ሳይቆጡ የተቆጡ አስመሰላቸው። የቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከዚህ ሁሉ በኋላ መጣ። የነርቭ ሐኪሙ ይህን ሁሉ ከሰማና ካስነሣ ካስቀመጣቸው በኋላ፣ ብዙ የመሰለን ሕመም አንድ ደዌ መሆኑን ነገረን።

የደዌው ምክንያት እንዲህ ነው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ነገር አለ፤ የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚያስማማ መልእክተኛ ነው። ይህን የሚያፈልቁት ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ መልእክቱ ያንሳል፤ ሰውነትም ይዘገያል፣ ይደርቃል፣ ይንቀጠቀጣል። ዶፓሚን ራሱ ቢዋጥ ከደም ወደ አንጎል አይገባም። ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት ግን ይገባል፤ ከገባም በኋላ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ካርቢዶፓ የሚባለው ባልንጀራው ደግሞ ሌቮዶፓ ወደ አንጎል ሳይደርስ በመንገድ እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል፤ ማቅለሽለሹንም ያሳንሳል። የሚያስደንቀው ግን ሌቮዶፓ በ1913 በአውሮፓውያን ቁጥር ማርኩስ ጉገንሃይም በሚባል ሊቅ ተለይቶ የወጣው ከባቄላ መሆኑ ነው። በ1960 ኦሌህ ሆርኒኪየቪች በዚህ ደዌ የሞቱት ሰዎች አንጎል ዶፓሚን እንደ ጎደለው አሳየ፤ በ1967ም ጆርጅ ኮትዚያስ በአሜሪካ ሌቮዶፓን በአፍ እየሰጠ፣ መጠኑንም ቀስ በቀስ እየጨመረ ሕመምተኞችን ከአልጋ አስነሣ። ይሁን እንጂ ይህ መድኃኒት ደዌውን ያቀላል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። ስለዚህ ተሻለኝ ተብሎ የሚተው አይደለም።

ሐኪሙ ለየኔታ ኪኒኑን በቀን ሦስት ጊዜ አዘዘላቸው፤ ይህም በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨመር ነበር። እርሳቸውም ሰዓቱን በጸሎት ሰዓት አሰቡት፤ የነግሁን በ12 ሰዓት፣ የቀትሩን በ6 ሰዓት፣ የሠርኩን በ11 ሰዓት አደረጉት። ሐኪሙም ይህን ሰምቶ ደስ አለው። ስለ መጠኑ ደግሞ እንዲህ ይሉን ነበር፤ «ልጆቼ፣ ቃሉ መልካም ቢሆንም ልኩ የጎደለ ወይም የበዛ ቅኔ ቅኔ አይባልም፤ መድኃኒትም እንዲሁ ነው»። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመደባቸው ያለ ደጋፊ ይነሡ ጀመር፤ ጽሕፈታቸውም መልሶ ተነበበ። የተማሪዎቹም ደስታ ታላቅ ሆነ።

በ2014 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም ገባ። የኔታ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይህን ጾም አጽንተው የጾሙ ናቸውና፣ በጧት ኪኒን በውሃ መዋጥ ጾምን መግደል መሰላቸው። ለማንም ሳይናገሩ መድኃኒቱን ተዉ፤ ተማሪው የሚያቀርብላቸውንም ኪኒን ተቀብለው ከአጎዛቸው በታች ይሸሽጉት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዘገዩ፤ በሁለተኛው ቀን መነሣት አቃታቸው፤ በአራተኛው ቀን ሰውነታቸው እንደ እንጨት ደረቀ፤ ትኩሳትም ያዛቸው፤ እኔንም አላወቁኝም። ወደ ሆስፒታል በደረስን ጊዜ ሐኪሞቹ አስቀድመው የጠየቁት «መድኃኒት አቋርጠዋልን?» የሚለውን ነበር። ሌቮዶፓን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቋርጠው ብርቱ ትኩሳት፣ መድረቅና የአእምሮ መታወክ ሊመጣበት ይችላል፤ ይህም እስከ ሞት የሚያደርስ ነው። ወዲያው በአፍንጫቸው ቀጭን ቱቦ አግብተው መድኃኒቱን መለሱላቸው። ከብዙ ቀን በኋላ ነፍሳቸው ተመለሰች፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አልቆሙም።

ወደ ቤት ከተመለሱም በኋላ የኔታ አሁንም ልባቸው አላረፈም። «ሌላውን ጹም ብዬ ያስተማርሁ ሰው፣ እኔ በተማሪ ፊት በጧት ውሃ ልጠጣን?» ይሉ ነበር። የንስሐ አባታቸው በዕድሜ ከርሳቸው እጅግ የሚያንሱ ቄስ ናቸው፤ መጥተው በአጠገባቸው ተቀመጡና በትሕትና እንዲህ አሏቸው፤ «የኔታ፣ ተማሪን ሁሉ ታዘዝ ሲሉ ኖረዋል፤ እንግዲህ እርስዎ ደግሞ ይታዘዙ። ጾም ሥጋን ለነፍስ ሊያስገዛ ተሠራ እንጂ ሥጋን ሊያፈርስ አልተሠራም። ፍትሐ ነገሥቱስ የታመመውን ከጾም ሕግ እንደ ለየ እርስዎ አላስተማሩንምን?» የኔታም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እውነት ነው፤ አስተምሬአለሁ» አሉ። ከዚያም በኋላ የንስሐ አባታቸውና ሐኪሙ ተነጋግረው፣ ለቅዱስ ቁርባን ቀን የሚሆነውን ሥርዓት ለርሳቸው ለብቻቸው ወሰኑላቸው። የአንዱ ውሳኔ ለሌላው አይሆንምና፣ ሕመምተኛ ሁሉ የራሱን ሐኪምና የራሱን አባት ይጠይቅ።

አሁን ደግሞ በማስታመም የተማርሁትን በአጭሩ ልናገር። ሌቮዶፓ ባዶ ሆድን ይወዳል፤ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ወይም ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ በቂ ውሃ ተጠጥቶበት ቢወሰድ መልካም ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በሚያልፉበት መንገድ እርሱም ያልፋልና እነርሱ ይጋፉታል። በጾም ጊዜም ሽሮና ምስር እንዲሁ ሊጋፉት ይችላሉ። ስለዚህ የፋሲካ ዕለት ጥሉላት ከበሉ በኋላ እግሬ ታሰረ የሚሉ ሕመምተኞች ምክንያታቸው ይህ ሊሆን ይችላል። ባዶ ሆዱን ሲወስድ የሚያቅለሸልሸው ሰው ግን ቁራሽ እንጀራ ወይም ዳቦ ቢቀምስ ይፈቀድለት እንደ ሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ኪኒን መድኃኒቱን ስለሚይዘው በመካከላቸው ቢያንስ የሁለት ሰዓት ርቀት ይኑር። ሌቮዶፓ ከባቄላ ወጣ ስለ ተባለም ባቄላ እየበሉ ኪኒን መተው ታላቅ ስሕተት ነው፤ በባቄላ ውስጥ ያለው መጠን ከእሸት እሸት ይለያያልና ማንም ሊሰፍረው አይችልም።

አንድ ጊዜ ቢረሳ፣ የሚቀጥለው ሰዓት ካልተቃረበ እንዳስታወሱ መውሰድ ነው፤ ከተቃረበ ግን ያለፈውን መተው ነው እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ አይገባም። የኪኒኑም ስም አንድ ሆኖ ኃይሉ ልዩ ልዩ ነው። ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ 100 እና 25 ሚሊግራም ሆኖ ይሠራል፤ 250 እና 25 ሆኖም ይሠራል። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት በወጡ ቁጥር ስሙን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን ማንበብ ያስፈልጋል። ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራውንም መፍጨት ወይም ማኘክ አይገባም። በሐኪም ወረቀት ላይ 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደ ሆነ በኛ 2 ሰዓት ማለት ነውና፣ ይህንም ጠይቆ መረዳት ነው። መድኃኒቱ ከገበያ የሚጠፋበት ጊዜ አለና፣ የመጨረሻው ኪኒን እስኪቀር ሳይጠብቁ አስቀድሞ መግዛት ይገባል።

ሌላው ታላቅ አደጋ የመድኃኒት ከመድኃኒት መጣላት ነው። ለማስመለስ የሚሰጠው፣ በገበያ ፕላሲል የሚባለው ሜቶክሎፕራማይድ፣ እንዲሁም ለአእምሮ መታወክ የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የዶፓሚንን ሥራ ስለሚያግዱ ይህን ደዌ ያብሱታል። አንድ ቀን የኔታን ሲያስመልሳቸው ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድናቸው። ነርሷ መርፌውን አዘጋጅታ ሳለ፣ ደዌያቸውና መድኃኒታቸው የተጻፈበትን ወረቀት ብናሳያት ወዲያው መርፌውን አስቀምጣ ሐኪሙን ጠራች። ያ ወረቀት ዛሬም በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ይኖራል። ጎረቤትን ጠቀመ ተብሎም የሰው መድኃኒት መውሰድ አይገባም፤ ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል እንኳ በሽማግሌ ላይ መርሳትንና መደናገርን ያመጣል።

መድኃኒቱ ራሱም የራሱ ጠባይ አለው። ሽንትንና ላብን ሊያጠቁር ይችላል፤ ይህ አያስፈራም። በድንገት ሲነሡ ራስን ያዞራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ተቀምጦ፣ ጥቂት ቆይቶ መቆም ነው። አንዳንዱ ሕመምተኛ በሌሊት የሌለ ሰው ያያል፤ አንዳንዱ ሳይፈልገው ሰውነቱ ይወዛወዛል። ፕራሚፔክሶልን የመሰሉ መድኃኒቶች ደግሞ ቁማርንና ገንዘብ ማባከንን የማያውቀውን ሰው እንኳ ወደዚያ ሊገፉት ይችላሉ። ይህ ሲሆን ቤተ ሰብ በኀፍረት አይሸሽገው፤ ኃጢአት ወይም ጋኔን ነው ብሎም አይፍረድ፤ ለሐኪሙ ፈጥኖ ይንገር እንጂ። ሐኪሙ መጠኑን ይለውጣል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ከሁሉ የከፋ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼ ካህናት ሆይ፣ ሕመምተኛ ሰው ስለ ጾም ወይም ስለ ጠበል ሊጠይቃችሁ ሲመጣ፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት «የታዘዘልህ መድኃኒት አለን?» ብላችሁ ጠይቁት። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበርንና መድኃኒትን አለመናቅን ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ለኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ሕመምተኛው ከሐኪም ይልቅ የንስሐ አባቱን ቃል ይሰማልና፣ ከአንደበታችን የሚወጣው አንድ ቃል ሰውን ሊያድነው ወይም ሊያጠፋው ይችላል።

የኔታ ዛሬም በአጎዛቸው ላይ ተቀምጠው የተማሪ ቅኔ ይሰማሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ተማሪው ጆሮውን ወደ አፋቸው ያስጠጋል። ሰዓቱ ሲደርስም አንዱ ተማሪ ውሃውንና ኪኒኑን ያመጣል፤ ቀና አድርጎ ያስቀምጣቸዋል፤ ዋጥ እስኪያደርጉትም ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። እርሳቸውም አማትበው ይወስዱታል። እግዚአብሔር ለታመሙት ሁሉ ምሕረትን፣ ለሚያስታምሙትም ትዕግሥትን ይስጥልን።