የነፈግኋት ሦስት ቀን

ሦስት ቀን ብቻ ነበር የጠየቀኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ ጠባብ ጋራዥ፣ ሽማግሌው መካኒክ የአባቴን ፒክአፕ የፊት ግራ ጎማ በክሪክ አነሣው። አንድ እጁን ከጎማው አናት፣ አንዱን ከሥር አድርጎ ወደ ራሱ ሳበ፣ ወደ ውስጥ ገፋ። ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። «ግባና ፍሬን ያዝልኝ» አለኝ። ገብቼ ረገጥሁ። እንደገና ወዘወዘው። አሁንም ቋ፣ ቋ። ተነሥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «የጎማው ኩሽኔታ አይደለም። የጉልበቷ ነው። አስቀምጣትና ማክሰኞ ማታ ና፤ ስትመጣ ያቺን የሽንኩርት ሚዛንህን ይዘህልኝ ና» አለኝ።

ያ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ስፈልገው የኖርሁት መልስ ያኔ እግሬ ሥር ወድቆ ነበር። ፍሬን ሲያዝ ዲስኩና ጎማውን የተሸከመው ክፍል አንድ አካል ይሆናሉ፤ መላላቱ ከጎማው ኩሽኔታ የመጣ ቢሆን ኖሮ ድምፁ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። እንግዲህ ችግሩ ከዚያ ወደ ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን ዛሬ በእንቅልፌም እናገረዋለሁ። ያኔ ግን ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት ተነቅሎ፣ በጆንያ ተሞልቶ ይጠብቀኝ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄን ሳምንት እንኳ አይመቸኝም፤ በሚቀጥለው አመጣታለሁ» አልሁት። ዝም ብሎ አየኝና ክሪኩን አወረደ። ልወጣ ስል በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ የተናገረውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ከፈለግህ አብረን እንፈታታታለን። አባትህ ያውቃት ነበር፤ አንተም እወቃት።»

አባቴ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ትቶልኝ የሄደው ሃይሉክስ በፈረንጆች 1992 የተሠራች፣ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ፊቷም እንደ ኋላዋ ድፍን አክሰል ኖሯት በባሌስትራ የተቀመጠች ናት። በልጅነቴ አባቴ በየሁለት ዓመቱ እዚያው ጋራዥ ወስዶ የፊት ጉልበቷን ያስከፍታት ነበር። አሮጌው ግራሶ በናፍጣ ታጥቦ፣ አዲሱ ተጠቅጥቆ እስኪገጠም ድረስ እሱ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ መካኒኩ የሚፈታውን ብሎን እየተቀበለ በተርታ ይደረድራል። እኔን «ና እይ» ሲለኝ ዓይኔ ከመንገድ ማዶ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ላይ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ቀርቤ አላየሁም።

እዚያ ውስጥ ያለው ነገር ረቂቅ ምሥጢር አይደለም። በአክሰሉ ግራና ቀኝ ጫፍ ትልልቅ የብረት ሉሎች አሉ። ጎማውን የተሸከመው ክፍል ሉሉን አቅፎ፣ ከላይ አንድ ከታች አንድ በተገጠሙ ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ሽማግሌው ጉልበት የሚለው ይህንን ነው። በሁለቱም በኩል ሲቆጠር አራት ኩሽኔታ። እነዚህ እንደ ጎማ ኩሽኔታ ሙሉ ዙር አይዞሩም። መሪው ቀጥ ባለበት በዚያው በአንድ ቦታ ላይ ቆመው የመንገዱን ዱላ ሲቀበሉ ይኖራሉ። ግራሶው ሲደርቅ ወይም ሲቀጥን፣ ሮለሮቹ የተቀመጡበትን ቀለበት እየቀጠቀጡ ጭረት ጭረት ያወጡበታል። ያኔ ጉልበቱ ይላላል። መኪናዋ ቀስ ስትል ምንም አይታወቅም። በሰዓት 60 ወይም 70 ኪሎ ሜትር ስትደርስ ግን አንደኛው ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ይንዘፈዘፋል፤ ታይሮዱ መንዘፍዘፉን ለሌላኛው ያቀብላል፤ ያኛው መልሶ ይልከዋል። ያን ጊዜ መሪው ከእጅ የሚያመልጥ አውሬ ነው። ፍጥነት ቀንሶ ለመቆም እስኪቃረቡ ድረስ አይለቅም።

መጀመሪያ የያዘኝ ከሚሴን አልፌ፣ ቦርከና ሜዳ ላይ፣ ሽንኩርት ጭኜ ነው። መኪናዋን ዳር አስይዤ ወርጄ እጆቼን አየኋቸው፤ ይንቀጠቀጡ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌው ዘንድ የሄድሁት፤ ሄጄም ያልሰማሁት።

«የሚቀጥለው ሳምንት» አልመጣም። በምትኩ ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ ጎማ ባላንስ አስደረግሁ። መሪዋ ዝግ አለ፤ ተደሰትሁ። ያታለለኝም ይኸው ነው። የጎማ ሚዛን ሲስተካከል መንዘፍዘፉን የሚቀሰቅሰው ነገር ይቀንሳል፤ የላላው ግን እንደላላ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ሁለት አዲስ የፊት ጎማ ገዛሁ፤ ወር ቆየና ተመለሰ። ደሴ ወስጄ አላይመንት አሠራኋት። የላላ መገጣጠሚያ ላይ የሚሠራ አላይመንት በውኃ ላይ እንደሚጻፍ ነው፤ ዛሬ የለካኸው ነገ ሌላ ነው። ሰው ልኬ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመሪ አሞርዛተር አስመጣሁ። ይህ ከሁሉ ይልቅ ደበቀው፤ ሁለት ወር ተኩል ያህል አረፍሁ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የመሪው ሳጥን ነው። አንድ ሰው «መሪህ ጌም አለው» ብሎ ሳጥኑ አናት ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን አጠበቀልኝ። የመሪ ሳጥን ጥርስ ይበልጥ የሚበላው መሐል ላይ፣ ቀጥ ብለን በምንነዳበት ነው። መሐሉ እስኪጠብቅ ድረስ ካጠበቅኸው፣ ጥርሱ ባልተበላበት በጎንና በጎን ይነክሳል፤ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ መመለሱን ይተዋል። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስወርድ እያንዳንዱን ኩርባ በክንዴ ጉልበት ስመልስ ከረምሁ። ደህና የነበረውን የአባቴን የመሪ ሳጥን በገዛ ገንዘቤ ያስበላሁት እኔ ነኝ።

እሷ ግን ስትነግረኝ ነበር። ከፊት ጎማዎቿ ውስጠኛ ጎን ጥቁር፣ ቀጭን፣ ሽታው የሚከረፋ ዘይት ይንጠባጠብ ነበር። የውስጡ ኦይል ሲል አርጅቶ የዲፍረንሻል ዘይት ወደ ጉልበቱ እየገባ፣ ወፍራሙን ግራሶ ወደ መረቅ ለውጦት ኖሯል። የመኪናዋ ሕመም በጎማዋ ላይ ተጽፎ እያየሁት፣ እኔ በየእሑዱ በሳሙና አጥብላት ነበር።

በስምንተኛው ወር አንድ ደላላ ከሥሯ ገብቶ ወጣና «ሻንሲዋ ተጣምሟል፤ ከእንግዲህ አትመለስም» አለኝ። አመንሁት። ለምን ቶሎ እንዳመንሁት ብዙ አስቤበታለሁ። ሻንሲ ከተጣመመ ጥፋቱ የመንገዱ ነው፣ የዕድሜዋ ነው፤ የእኔ አይደለም። ያን ቅዳሜ ጠዋት ከትከሻዬ ላይ የሚያወርድልኝ ቃል ነበርና ተቀበልሁት። 2004 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከገበያ ዋጋዋ በግማሽ ሸጥኋት። እናቴ ውል የተፈረመ ዕለት ማታ እራት አልበላችም። ምንም አልተናገረችኝም።

ከአንድ ወር በኋላ ጋራዡ ፊት ለፊት ሳልፍ ሽማግሌው ጠራኝ። ገዢው ያመጣት እሱ ዘንድ ነበር። አራት ኩሽኔታ፣ ሁለት ኦይል ሲል፣ ሁለት የታይሮድ ጫፍ፣ ግራሶ። ዕቃው ሁሉ ተደምሮ እኔ ከገዛኋቸው ከሁለቱ ጎማዎች ዋጋ አይበልጥም። ሻንሲዋን ገመድ ወጥሮ በሰያፍ ለክቷት ነበር፤ ምንም አልሆነችም። ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አንዱን አሮጌ ቀለበት አውጥቶ ሰጠኝ። ጥፍሬን በውስጡ ሳሳልፈው ጭረቶቹ ላይ አንድ በአንድ ያዝ፣ ለቀቅ አደረገኝ።

ሚዛኑን ለምን እንደፈለገው የገባኝም ያን ቀን ነው። አዲሶቹ ኩሽኔታዎች ከገቡ በኋላ፣ ታይሮዱ ሳይገጠም፣ ጉልበቱ በባለ ሞላ ሚዛን እየተሳበ ለመንቀሳቀስ ስንት ኪሎ እንደጠየቀ ይነበባል። ከላላ ከሥር ያሉት ስስ ላሜራዎች ይቀነሳሉ፤ ከጠበቀ ይጨመራሉ። አባቴ ይህን ያውቅ ነበር። ሚዛኑም የአባቴ ሚዛን ነበር፤ ቀን ሽንኩርት የሚመዝንበት፣ በየሁለት ዓመቱ ጋራዥ ይዞት የሚሄደው። እኔ ለሽንኩርት ብቻ የተሠራ መስሎኝ ኖርሁ።

ሽማግሌው አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። «አንድ ቀን ና፣ የሌላ ሰው ስፈታ ታያለህ» አለኝ። እሺ አልሁ። ለዚህም አልሄድሁም። ጋራዧ አሁን የሲሚንቶ መጋዘን ሆናለች፤ እሱም በሕይወት የለም።

ገዢው ዛሬም ይነዳታል። ዐምና ከሚሴ ላይ ተገናኝተን፣ እንደ ቀልድ አስመስዬ ትሸጥልኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ እሷን ሸጬ ምን እገዛለሁ?» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ፊቴ ላይ አንድ ነገር ሳያይ አልቀረም፤ ቁልፉን ዘረጋልኝ። ቦርከና ሜዳ ላይ ነዳኋት። 70 ላይ ደርሼ ጉድጓድ መታሁ። መሪው ንቅንቅ አላለም። እሱ ከጎኔ ሆኖ «ኧረ ላላ አርገው፣ አይዞህ» ይለኛል። ጣቶቼ ግን መሪው ላይ እንደተጨበጡ ቀሩ፤ እስክወርድ ድረስ ላላላቸው አልቻልሁም።