ልክ ገባ

አጎቴ ጥይቱን ከሽጉጡ ውስጥ ካኖሩ በኋላ ቀና ብለው አዩኝና «አየህ፣ ልክ ገባ!» አሉኝ። በፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ የሕፃን ደስታ ነበር።

ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ቨርጂኒያ እሳቸው ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ሽጉጡ ዌብሊ ማርክ 6 ይባላል፤ የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1915 የተቀበለው፣ ከወገቡ ታጥፎ የሚጎርስ፣ ከባድ ስድስት ጎራሽ ነው። አያቴ በ1933 ዓ.ም. ከአንድ የእንግሊዝ መኮንን እጅ ያገኙት እንዲህ ያለውን ነበር ይባላል። የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም። አጎቴ አምሳያውን ፈልገው የገዙት፣ በአባታቸው ሙት ዓመት ዕለት ስድስት ጊዜ ሊተኩሱበት ነው።

የተኩስ መለማመጃው መሣሪያ ጠጋኝ ግን ሽጉጡን ከፍቶ የተሽከርካሪውን ክፍል ጀርባ በጥፍሩ ዳሰሰና «ተሞርዷል» አለ። ዌብሊ የተሠራው ለገዛ ራሱ .455 ጥይት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ ያ ጥይት እንደ ልብ አይገኝም ነበርና፣ ጀርባቸው እየተሞረደ የአሜሪካኑን .45 አውቶማቲክ ጥይት በግማሽ ጨረቃ መሰል ማያዣ እንዲጎርሱ ተደረገ። ጥይቱ በእርግጥ ይገባል። የፋብሪካው ጥይት ግፊት ግን ያ አሮጌ ብረት ከተፈተነበት ግፊት ይበልጣል። ብረቱ ዛሬ ይችል ይሆናል፣ ነገም ይችል ይሆናል፤ በየተኩሱ ግን ይደክማል፤ ሲሰነጠቅም ከተኳሹ እጅ ላይ ነው።

እኔ ቼክ ስቀበል የምውል ሰው ነኝ። ፊርማው የሰመረ፣ ጽሕፈቱ ያማረ ደረቅ ቼክ ስንት ጊዜ በመስኮቴ ገብቷል!

ሁሉም እንዲህ ቸልተኛ አልነበረም። የ.357 ማግነም ጥይት እ.ኤ.አ. በ1935 ሲወጣ ቀለሁን ከ.38 ስፔሻል በሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ያስረዘሙት፣ እጥፍ የሚሆነውን ግፊት ከማይችሉት የቀደሙ ሽጉጦች እንዳይገባ ብለው ነው። ሰው የገባለትን ሁሉ እንደሚያምን አውቀውት ኖሯል።

ጠጋኙ አንድ መንገድ አሳየን፦ መቆለፊያውና ተሽከርካሪው ይመርመሩ፤ ደኅና ከሆኑም መጠኑ ያው የሆነ፣ ባሩዱ ግን በዌብሊው ልክ የተቀነሰ ጥይት ይገዛ። አጎቴ አልመለሱለትም። ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥተው ኪሳቸው ከተቱና እስከ ቤት ድረስ ዝም አሉ። በሙት ዓመቱ ዕለት ሽጉጡ ባዶውን ከአያቴ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጦ ዋለ።

የፋብሪካው ጥይት ግን ዛሬም ከሽጉጡ ጋር በአንድ መሳቢያ ውስጥ ነው። በስልክ ስንገናኝ «ጋሼ፣ ያን ጥይት ለሰው ሰጡት?» እላቸዋለሁ። «በገንዘቤ የገዛሁትን?» ይሉኛል።