ከካልጋሪ ቦሌ፣ በደሴት በኩል

ከካልጋሪ ተነስቶ በቀጥታ አዲስ አበባ የሚያርፍ አውሮፕላን የለም። ስለዚህ እዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አገር ቤት ስንሄድም ሆነ ዘመድ ሲመጣልን የግድ መሃል ላይ አንድ ቦታ እናርፋለን። አንዱ በቶሮንቶ ይሄዳል፤ ሌላው በፍራንክፈርት፣ በለንደን ወይም በአምስተርዳም። ትኬት ሲገዛ ቤት ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ «የትኛው ይረክሳል?»

ዋጋው ያስጨንቃል፤ እውነት ነው። ተጓዧ አያታችሁ ከሆኑ ግን ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት። ፓስፖርታቸውን የሚያየው ሰው የት ነው የሚጠብቃቸው? ሻንጣቸውስ የት ነው የሚወጣው? ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ የቤታችሁ አስተርጓሚዎች ናችሁ። ደብዳቤ የምታነቡት፣ ፎርም የምትሞሉት፣ ትኬቱንም በስልካችሁ የምትፈልጉት እናንተ ናችሁ። መንገዱንም ብታውቁት ጥሩ ነው።

በመጀመሪያ የሚደባለቁ ሦስት ቃላትን እንለይ። ኢሚግሬሽን ሰውን ያያል፦ ማን ነዎት? ለምን መጡ? መቼ ይመለሳሉ? ጉምሩክ ዕቃን ያያል፦ ሻንጣው ውስጥ ምን አለ? ትራንዚት መሸጋገር ነው፤ አገሩ ውስጥ ሳይገቡ በአገሩ በኩል ማለፍ።

«ጉምሩክ» የሚለው ቃል ራሱም መንገደኛ ነው። በቱርክና በዓረብ አገር ዞሮ ነው ወደ አማርኛ የገባው፤ ቱርኮች ዛሬም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ከእሱ በፊት የነበረው ቃል «ኬላ» ነው። ነጋዴ በቅሎውን ጭኖ ሲያልፍ ኬላው ላይ ቆሞ ቀረጥ ይከፍል ነበር። የነጋዴዎቹና የቀረጡ አለቃ «ነጋድራስ» ይባላል፤ የነጋዴዎች ራስ ማለት ነው። በጽሑፎቻቸው የታወቁት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በድሬዳዋ ነጋድራስ ነበሩ። በካናዳ ሰውየውንም ዕቃውንም የሚያየው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ የካናዳ የድንበር አገልግሎት ኤጀንሲ ይባላል። በቦሌ ግን ፓስፖርቱ የኢሚግሬሽን፣ ሻንጣው የጉምሩክ ነው። ሁለት መሥሪያ ቤት፣ ሁለት ሰልፍ።

እናንተ ወደ ቦሌ ስትሄዱ ነገሩ ቀለል ይላል። የካናዳ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለኢትዮጵያ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ከመነሳቱ በፊት በኢንተርኔት ማመልከት ይችላል። «ቢጫ ካርድ» የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ የያዘ ግን ያለ ቪዛ ይገባል። ይህ መብት የተሰጠው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። 1994 የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጆቹ 2002 መሆኑ ነው። ብዙ ወጣቶች የማያውቁት ነገር እዚህ አዋጅ ውስጥ አለ። ካርዱ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተወለዱት ብቻ አይደለም። ከወላጆች፣ ከአያቶች ወይም ከቅድመ አያቶች አንዱ ኢትዮጵያዊ ዜጋ ከነበረ ካልጋሪ የተወለደ ልጅም ማመልከት ይችላል። (ከቢጫ ወባ የክትባት ካርድ ጋር ግን አታምታቱት። እሱም ቢጫ ነው።)

በቶሮንቶ በኩል ስትሄዱ ከካልጋሪ ቶሮንቶ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል በርራችሁ ቦሌ ታርፋላችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶሮንቶ መብረር የጀመረው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ሲመለስ ግን መንገዱ ይለወጣል። ከአዲስ አበባ የተነሳው አውሮፕላን ቶሮንቶ ከመድረሱ በፊት መሃል ላይ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በአየርላንድ ደሴት፣ በደብሊን ነው። ነዳጅ ይቀዳል፤ ተሳፋሪው ከመቀመጫው አይወርድም። እናቶቻችን በመስኮት አረንጓዴውን መሬት እያዩ «እንደ ጎጃም ነው!» ይላሉ። ደብሊን ደርሰዋል፤ አየርላንድ ግን አልገቡም። ፓስፖርት የሚጠይቃቸው የለም።

ሲሄድ ያልቆመ አውሮፕላን ሲመለስ ለምን ይቆማል? አንዱ ምክንያት ነፋስ ነው። በሰሜን አትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ኃይለኛ ነፋስ ይነፍሳል። ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል፤ ስትመለሱ ከፊት ይገጥማችኋል። ዋናው ምክንያት ግን የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ክንፉን በደንብ አያነሳም፤ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰዉንም፣ ሻንጣውንም፣ እስከ ቶሮንቶ የሚያደርሰውን ነዳጅም ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። መፍትሔው ነዳጁን ቀንሶ መነሳትና ለባሕር ቅርብ በሆነ ቦታ መሙላት ነው። ቶሮንቶ ከ200 ሜትር በታች ስለሆነች ከዚያ ሲነሳ ይህ ችግር የለበትም።

ለካልጋሪ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። የእኛም አውሮፕላን ማረፊያ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። በ2014 የተከፈተው ማኮብኮቢያው 4,267 ሜትር ርዝመት አለው፤ በካናዳ ረጅሙ ነው። ከፍ ያለ ቦታ የሚነሳ አውሮፕላን ብዙ መሮጥ ስላለበት ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ እንዲሠራ የተወሰነው አዲሱ የኢትዮጵያ አውሮፕላን ማረፊያም ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። እሱ ሲያልቅ የደብሊን ወግ የእናቶቻችን ትዝታ ብቻ ሆኖ ይቀር ይሆናል።

ሌላዋ ደሴት ብሪታንያ ናት። እሷ እንደ አየርላንዷ ቀላል አይደለችም፤ ለንደን ላይ ከአውሮፕላን ትወርዳላችሁ። በአንድ ትኬት ሂትሮው ወርዳችሁ ከሂትሮው የምትነሱ ከሆነ የመሸጋገሪያውን ምልክት ተከትላችሁ ከውስጥ ሳትወጡ ታልፋላችሁ። ርካሽ ትኬት ተገኘ ተብሎ ሂትሮው አርፎ ከጋትዊክ መነሳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱ የተለያዩ አውሮፕላን ማረፊያዎች ናቸው። ሻንጣ ተቀብሎ፣ በኢሚግሬሽን አልፎ፣ በአውቶቡስ ለንደንን ዞሮ መሄድ አለ። የካናዳ ፓስፖርት የያዘውም ቢሆን ከጥር 2025 ጀምሮ ወደ ብሪታንያ ለመግባት አስቀድሞ በኢንተርኔት ፈቃድ መውሰድ አለበት። አያታችሁን በዚህ መንገድ ብቻቸውን ባትልኩ ይሻላል። የቆጠባችሁት ዋጋ ለዚያ ጭንቀት አይበቃም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብሪታንያም፣ ጀርመንና ኔዘርላንድስ ያሉበት የሸንገን ማኅበርም ኢትዮጵያውያንን የመሸጋገሪያ ቪዛ ይጠይቃሉ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይወጡም ማለት ነው። ጊዜው ያላለፈ የካናዳ ቪዛ ወይም የነዋሪነት ካርድ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነፃ ነው። ስለዚህ ሲመጡ ችግር ላይኖር ይችላል። ከርመው ሲመለሱ ግን የካናዳው ቪዛ ቀኑ አልፎ እንደሆነ ትኬት ከመቁረጥ በፊት እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል። በሄዱበት መንገድ መመለስ ሁልጊዜ አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ካናዳ ውስጥ ፓስፖርት የሚታየው መጀመሪያ ባረፉበት ከተማ ነው፤ የመጨረሻው ከተማ ላይ አይደለም። አያታችሁ በቶሮንቶ ከመጡ የድንበር ሠራተኛውን የሚያገኙት ቶሮንቶ ላይ ነው። እናንተ ደግሞ ካልጋሪ ናችሁ። በፍራንክፈርት ወይም በአምስተርዳም ከመጡ ግን የሚያገኙት እዚሁ ካልጋሪ ላይ ነው፤ እናንተ ከበሩ ውጭ ቆማችሁ፣ ስልካችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ። በቶሮንቶው መንገድ አማርኛ የሚናገሩ አስተናጋጆች ያሉበት አውሮፕላን፣ እንጀራም ሊገኝበት የሚችል ምግብና ብዙ አበሻ ተሳፋሪ አለ። በፍራንክፈርቱ ደግሞ ረጅም ኮሪደርና የማያውቁት ቋንቋ አለ፤ መጨረሻው ግን እናንተ ጋ ነው። የትኛው ይሻላል? እንግሊዝኛ ለሚሞክሩ፣ ከዚህ በፊት ለተጓዙ አያት እኔ ቶሮንቶን እመርጣለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጡ ግን የሚጠየቁበት ቦታ ለቤተሰቡ ቢቀርብ ደስ ይለኛል።

ቶሮንቶን ከመረጣችሁ ትኬቱ እስከ ካልጋሪ አንድ ይሁን። ለየብቻ ከተገዛ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጣቸው፣ ሁለተኛው አየር መንገድ ተጠያቂ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ኤር ካናዳም ቶሮንቶ ላይ ተርሚናል 1 ናቸው። ዌስትጄት ተርሚናል 3 ነው። በመካከላቸው ነፃ ባቡር አለ፤ ነገር ግን አሥራ ስድስት ሰዓት ተቀምጠው ለመጡ ሰው እሱም ሌላ ጉዞ ነው።

ሻንጣውስ? አዲስ አበባ ላይ የሚለጠፍበት ወረቀት «ካልጋሪ» ቢልም ብዙ ጊዜ ቶሮንቶ ላይ ከሚዞረው ቀበቶ አንስቶ፣ በጉምሩክ አልፎ፣ ቀጥሎ ባለው ቦታ እንደገና ማስረከብ ያስፈልጋል። ይህን ለአያታችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሻንጣ ሲያስረክቡም ቦሌ ላይ ይጠይቁ፦ «ቶሮንቶ ላይ እቀበለዋለሁ ወይስ በቀጥታ ያልፋል?»

የሻንጣው ነገር ከተነሳ ቋንጣው ይነሳል። «ምግብ ይዘዋል?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። እናቶቻችን «አዎ» ካሉ ሁሉም የሚወሰድባቸው ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ከተናገሩ ብዙ ጊዜ ያልፋሉ። ችግሩ ሥጋና የወተት ውጤት ነው። የቤት ቋንጣ አይገባም፤ የቤት ቅቤም ሊወሰድ ይችላል። ይህ ክፋት አይደለም። አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ በኢትዮጵያ አለ። ካናዳ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1951 እና በ1952 በጎረቤታችን በሳስካችዋን ነው። የአልበርታ ገበሬ በከብት ነው የሚኖረው፤ በሽታው ቢገባ ለእሱ ትልቅ አደጋ ነው። ቅቤውን ይዣለሁ ያለ ሰው ቢበዛ ቅቤውን ያጣል። ደብቆ የተገኘ ግን እስከ 1,300 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። 10,000 የካናዳ ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የያዘም መናገር አለበት፤ ስለተናገረ ቀረጥ አይከፍልበትም።

ከብዙ ቤተሰብ የሰማሁት ዘዴ አለ። ትኬት ሲቆረጥ ለአያት ተሽከርካሪ ወንበር ይጠየቃል። መጀመሪያ ቁጣ ይመጣል፦ «እኔ ምን ሆኜ! እንጦጦ በእግሬ የምወጣ ሰው!» እውነታቸውን ነው። ረጅም ሰልፍና ረጅም መንገድ ግን በሰባ ዓመት ጉልበት ላይ ቀልድ አይደለም። ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ ደግሞ መንገዱን ያውቃል፤ ኢሚግሬሽኑ፣ ቀበቶው፣ ቀጣዩ በር የት እንደሆነ ያውቃል። ብቻቸውን አይሆኑም።

ከወንበሩ ሌላ አንድ ወረቀት አዘጋጁላቸው። በእንግሊዝኛ እንዲህ ይበል፦ አማርኛ ነው የምናገረው፤ እባካችሁ አስተርጓሚ ፈልጉልኝ፤ የልጄ ስልክ ይኸው፤ የምሄደው ካልጋሪ ነው። ከሥሩ በአማርኛ ትርጉሙን ጻፉት። የምን ወረቀት እንደሰጡ እሳቸውም ይወቁ። በእናንተ የእጅ ጽሑፍ ቢሆን ደግሞ እንዴት ደስ ይላቸዋል! ለወላጆችና ለአያቶች በሚሰጠው «ሱፐር ቪዛ» ከመጡ በአንድ ጊዜ እስከ አምስት ዓመት መቆየት ይችላሉ። ሠራተኛው ቢያንስ የ100,000 ዶላር የጤና መድን ወረቀታቸውን ሊጠይቅ ይችላል። ወረቀቱ በእጅ ቦርሳቸው ይሁን። ቀበቶው ላይ የሚዞር ሻንጣ ውስጥ ያለ ወረቀት በዚያ ሰዓት የለም ማለት ነው።

በስልክ ስታወሩም ጊዜን ተጠንቀቁ። ትኬቱ ላይ 22:30 ካለ ለእሳቸው «ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል» ነው። «በክረምት እመጣለሁ» ካሉ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ማለታቸው ነው፤ የዝናቡን ወራት። እናንተ የበረዶ ጃኬት ገዝታችሁ ስትጠብቁ እሳቸው በካልጋሪ ፀሐይ ዣንጥላ ይዘው ይደርሳሉ።

ካልጋሪ ሲደርሱ የምትቆሙበት በርም እንደ መንገዱ ይለያያል። በቶሮንቶ ከመጡ የአገር ውስጥ ተሳፋሪ ናቸው። ሌላ ኢሚግሬሽን የለባቸውም፤ የአገር ውስጥ ሻንጣ ከሚወጣበት ቀበቶ አጠገብ ጠብቋቸው። ከአውሮፓ በቀጥታ ከመጡ ግን የሚወጡት በዓለም አቀፉ በር ነው፤ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላም አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ነጭ ባርኔጣና ቀይ ሰደርያ የለበሱ በጎ ፈቃደኞች አዳራሹ ውስጥ ይዞራሉ። በሩ ከጠፋባችሁ እነሱን ጠይቁ።